ለመምህሩ የተነሳን ዕለት

ያን ቀን እኔም እንደ ሌሎቹ ፈጥኜ ብነሳ ኖሮ ጥይቱ ማንን ያገኝ ነበር? ይህን ራሴን ስጠይቅ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ መቱ ከተማ። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነበር። ከዚያ ማንበብ ስለጣመኝ፣ በሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች በከፈተው ክፍል ገብቼ ቀጠልኩ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይሸኙ ነበር።

ክፍላችን ድብልቅ ነው። ባለሱቅ አለ፤ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጠዋት እናቷን ስትረዳ ውላ ከሰዓት የምትማር ልጃገረድ አለች። የአብዮት ጥበቃ አባላትም ነበሩ። እነሱ ከጥበቃ በቀጥታ ስለሚመጡ መሣሪያቸውን እንደያዙ ይገባሉ። ክላሹን ግድግዳው ላይ ያስደግፉና ደብተራቸውን ያወጣሉ። መጀመሪያ ላይ እየፈራን በጎን እናየው ነበር። ከጊዜ በኋላ እንደ ዣንጥላ ቆጠርነው።

እኔ የምቀመጥበት አግዳሚ ላይ በግድግዳው በኩል ቶለራ ነበር፤ የጥበቃ አባል፣ ዝምተኛና ገር ወጣት። ሒሳብ አይሆንለትም። "ክላሽ ፈትቼ ስገጥም ምንም አይተርፈኝም፤ ክፍልፋይ ስሠራ ግን ሁልጊዜ የሚተርፍ ነገር አለ" እያለ ያስቀን ነበር። መሃል ላይ እኔ ነኝ። በሌላው ጎኔ ጫልቱ።

ጫልቱ በዕድሜ የእኔን ግማሽ ብትሆን ነው። እናቷ አደ ዲንቂ ገበያ ላይ ማርና ዝንጅብል ይሸጣሉ። እኔ ከሰሌዳ ስገለብጥ አንድ መስመር ሳልጨርስ ቀና አልልም፤ ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ካልዘጋሁት ሰላም አላገኝም። እሷም ስም አወጣችልኝ። "እትዬ አራት ነጥብ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ እኮ ሰሌዳው ያረጃል" ትለኛለች። ቶለራ ደብተሩ ላይ አጎንብሶ ይስቃል።

መምህራችን ጋሼ ተሰማ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ሲገቡ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይላል። "እባካችሁ ተቀመጡ፤ የልጅ እናትና አባት ሆናችሁ ለእኔ አትነሱ" ይሉናል። ማን ይሰማቸዋል? ዘግይተን ስለተማርን ነው መሰለኝ፣ እኛ ከሕፃናቱ ይበልጥ ነበር የምንነሳው። ጫልቱ ደግሞ ገና ጥላቸው በሩ ላይ ሲያርፍ ቆማ ትገኛለች። እናቷ ሰው ሲገባ ካልተነሳች እራት አይሰጧትም ነበር አሉ።

የመሣሪያውን ነገር ስብሰባ ላይ ያነሱት ጋሼ ተሰማ ናቸው። ወላጆችም ተማሪዎችም የቀበሌ ሰዎችም ነበሩ። መሣሪያ ከግቢው በር እንዲቀር ጠየቁ።

"ክፍል ውስጥ ማንን ነው የምንፈራው?" አሉ።

ከቀበሌ የመጣው ካድሬ ፈገግ ብሎ ተነሳ። "ጓድ መምህር፣ ጠላት ደወል ተደውሎለት አይመጣም" አላቸው። ተጨበጨበለት።

ክርክሩ ረዘመ። አንዱ ባለሱቅ ጠባቂ ባለበት ክፍል ልጁ ቢማር ደስ እንደሚለው ተናገረ። አንዲት እናት ልጇ በእንቅልፍ ልቡ ስለ ጠመንጃ እንደሚያወራ ተናገረች። በመጨረሻ መካከለኛ መንገድ ተገኘ ተባለ። መሣሪያው ይገባል፤ ጥይት የሚይዘው ካዝና ግን በር ላይ ተነቅሎ ኪስ ይገባል። ሁለቱም ወገን ያሸነፈ መሰለው። እኔም አጨበጨብኩ። ጥሩ ደንብ ነበር የመሰለኝ። ጋሼ ተሰማ ብቻ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እጃቸውን አላንቀሳቀሱም።

ዕለቱ በቡና ለቀማ ወቅት ነበር፤ ብዙ ተማሪ ቀርቷል። ጋሼ ተሰማ ዘግየት ስላሉ የክፍል አለቃው ምንባቡን ሰሌዳ ላይ ጻፈልንና መገልበጥ ጀመርን። ቶለራ ከሮንድ መምጣቱ ነበር። ካዝናውን በር ላይ ነቅሎ ኪሱ ሲከት በዓይኔ አይቻለሁ። ክላሹን እንደ ወትሮው በግድግዳውና በአግዳሚው ጫፍ መካከል አቆመው።

ጋሼ ተሰማ ብቅ አሉ። ጫልቱ ቀድማ ተነሳች። ከእሷ ቀጥሎ ሁሉም ተነሳ። እኔ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ መስመሬን እየጨረስኩ ነበር። ሰው በአንድ ጊዜ ሲነሳ አግዳሚው እኔን እንደያዘ ወደ ኋላ ተገፋና ክላሹን ነካው። ክላሹ ወደ እኛ ተንሸራተተ። ቶለራ እንዳይወድቅ ብሎ ቀለብ ሲያደርገው ጣቱ ምላጩ ላይ አረፈ።

ካዝናው ኪሱ ነበር። ደንቡን አክብሯል። ሮንድ ላይ ሳለ አቀባብሎት ስለነበር ግን አንድ ጥይት ውስጡ ቀርቶ ኖሯል። እሱም ረሳው፤ ደንቡን ያወጡትም ሰዎች ይህን አላሰቡትም።

ጥይቱ ከጀርባዬ በላይ አለፈ። ጆሮዬ ጭው አለ። ጋሼ ተሰማ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው "ተቀመጡ" እያሉን ነበር። ጫልቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የታዘዘች ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች።

ሰዎች በሆስፒታሉ መኪና ወሰዷት። አልደረሰችም።

በማግስቱ አንድ በአንድ ወደ ቀበሌ ተጠራን። የሆነውን አልጠየቁንም፤ የሆነውን ነገሩን። ተማሪዋ የመንግሥት መሣሪያ አንስታ ስትጫወት በራሷ ላይ ባረቀ። ያየነው ይህን ነው ተባልን። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለን ነገር "አይደለም" ያለ ሰው የት እንደሚገባ መቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ለእናቷም ይኸው ተነገራቸው። ለቅሶ ቤት ከሩቅ የመጣው ሁሉ "ምን ብላ ነካችው?" ይል ነበር።

ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው አደጋው የመጣው ከመሣሪያው ሳይሆን መሣሪያ ካለማወቅ ነው አለ። ለተማሪዎች የመሣሪያ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በበሩም ላይ ጥበቃው እንዲጠናከር ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስንገባ ደብተራችን እየተገለጠ፣ ቦርሳችን እየተራገፈ እንፈተሽ ነበር። የሚፈትሹን ሁለት ሰዎች ሁለቱም ክላሽ አንግተዋል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ጋሼ ተሰማ ሲገቡ ምን እንደምናደርግ ጠፋን። ግማሹ ይነሳል፤ ግማሹ ተነስቶ መልሶ ይቀመጣል። እሳቸውም ይህን ላለማየት ሰሌዳውን እያዩ መግባት ጀመሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ጡረታ ጠይቀው ወደ አገራቸው ሄዱ።

ቶለራ ወደ ጦር ግንባር ተላከ። ከመሄዱ በፊት መንገድ ላይ አገኘኝ። "አንቺ አይተሻል አይደል፣ ካዝናውን አውጥቼ ነበር" አለኝ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አልተመለሰም።

አደ ዲንቂም መቱን ለቀቁ። ገበያ ላይ ሰው "የዚያች የጠመንጃዋ ልጅ እናት" እያለ ሲጠቋቆምባቸው ጊዜ፣ በዚያው ክፍለ አገር ወዳለችው ቡሬ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ አሉ።

ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨርሼ ቡሬ ትምህርት ቤት ተመደብኩ፤ ሥራዬ ለተማሪዎች መጻሕፍት ማዋስ ነው። ደርግ ገና አልወደቀም፤ ግን የሰው አፍ ትንሽ መላቀቅ ጀምሮ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን አደ ዲንቂን ከማራቸው ኋላ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። እኔን ግን ወዲያው አወቁኝ። ጎናቸው ካለችው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ብዙ ልጆች በእጄ እንደሚያልፉ ነገርኳቸው።

"እንግዲያ አደራሽን" አሉኝ፤ "ያልተሰጣቸውን እንዳይነኩ ምከሪያቸው። የእኔዋ እጇን ሰብስባ ብትቀመጥ ኖሮ ዛሬ እንዳንቺ በሆነች። እኔ ነኝ በደንብ ያልቀጣኋት።"

ይህን ሁሉ ዓመት ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም ሲከሱ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"አደ ዲንቂ፣ ጫልቱ መሣሪያውን አልነካችም" አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አግዳሚውን፣ ካዝናውን፣ የቶለራን እጅ፤ መምህሩ ሲገቡ ሁላችን እንደተነሳን፣ እኔ ግን አጎንብሼ እንደነበር። ማር ሊገዛ የመጣ ሰው ቆሞ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። እሳቸው ማሩን የሚጨልፉበትን ማንኪያ እንደያዙ ያዳምጡ ነበር። ስጨርስ ዝም ብዬ በመኖሬ የሚወቅሱኝ መስሎኝ አቀረቀርኩ።

እስከዚያ ያወራነው በአማርኛ ነበር። ይህችን ብቻ በኦሮምኛ ጠየቁኝ።

"ኢሼንስ ካቴ?"

እሷም ተነስታ ነበር ወይ ማለታቸው ነው።

"አዎ" አልኩ፤ "ከሁላችንም ቀድማ።"

ማንኪያውን አስቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አሉ። የኩራት ይሁን የሐዘን ድምፅ አልለየሁትም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ልሰናበታቸው ስነሳ መሬቱን በእጃቸው ተደግፈው እሳቸውም ሊነሱ ጀመሩ። "ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ" ብዬ ትከሻቸውን ያዝኩ።

እምቢ አሉኝ። ቆመው ሸኙኝ።