«አባቴ ይሙት» የቀለለ ጊዜ

እኔ ባደግኩበት ዘመን አንድ ሰው «አባቴ ይሙት» ካለ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነበር። ሌላ ምስክር አይጠራም። አባቱን በቁሙ የሚገድል ውሸታም የለም ብለን እናምን ነበር። ይህን ይዤ ስንት ዓመት ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ አላፈርኩበትም። ያፈርኩት ባለፈው በጋ ዓለም ጤና የምትባል ከተማ ላይ ነው።

ከምኖርበት ከአዳማ ያስጠሩኝ ሁለት ሽንኩርት አብቃዮች ናቸው፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና ማሳው ከማሳዋ የሚዋሰን ጎረምሳ። ከሁለቱም ቤት ጋር የቆየ ትውውቅ አለኝ። ከአንድ ቦይ በተራ ያጠጣሉ። ሴትዮዋ፣ በእኔ ተራ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ጠልፎታል፣ ችግኜ ያለ ውሃ ሁለት ቀን ከቆየ አይነሳም አለች። እውነቷን ነው፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ቅጠሉ ተኝቷል። ጎረምሳውን ጠየቅኩት።

«አባቴ ይሙት፣ ቦዩን አልነካሁም» አለ።

በቃ፣ ምሏል፣ ተነሱ ብዬ ፈረድኩ። ሴትዮዋ አልተነሳችም።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ለሻይም አባቱን ይገድላል» አለችኝ።

ተቆጣኋት። የተፈረደ አይመለስም ብዬ ወጣሁ።

መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ገባሁ። ጎረምሳው ከጓደኞቹ ጋር ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር አላየኝም። አባቴ ይሙት የትናንቷ ጎል ኦፍሳይድ ናት ይላል። አባቴ ይሙት ይሄ ሳንቡሳ ያደረ ነው ይላል። ጓደኛው ስልኬን መልስ ቢለው፣ አባቴ ይሙት አልያዝኩም እያለ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሁሉም ሳቁ። መኪናው መጣ፤ አልተሳፈርኩም።

ጎረምሳውን በክንዱ ይዤ ወደ አባቱ ቤት ወሰድኩት፤ ሴትዮዋንም አስጠራሁ። አባትየው የእኔ እኩያ ነው። በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ልጁን ፊት ለፊቱ አቆምኩት።

«አሁን እሱን እያየህ ድገመው» አልኩት።

ሳቀብኝ። አባባ፣ ያው አነጋገር ነው እኮ፣ ሁሉም ሰው ይለዋል አለኝ። አነጋገር ከሆነ ምን ይከብድሃል አልኩት። አባትየው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ልጁን እያየ ጠበቀ። ሻይ ቤት ሲወረውረው የነበረው ቃል እዚህ አልወጣ አለው።

«ውሃውን የጠለፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

ፍርዴን እዚያው አፈረስኩት። የሱ ቀጣይ ሁለት ተራ ለሷ ይሁን አልኩ። አባትየው አካፋውን አንስቶ ቦዩን ራሱ ሊከፍትላት ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። ሴትዮዋን በሰው ፊት አጥፍቻለሁ አልኳት፤ ይህን ቃል በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አላወጣሁትም። እሷ ግን የምታየው ውሃውን ነው።

«ሽንኩርቱ ቀና ካለ ይቅር እልዎታለሁ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ገባች።