ኤግዚቢት፦ ሦስት ብርቱካን

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ከሞርሲቶ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ወንዝ ዳር ሃያ ሜትር በገመድ ለክቼ፣ ብርቱካን ከላይ ውሃው ላይ ለቅቄ፣ ከጎኑ እየተራመድኩ ተከተልኩት። መጨረሻው ምልክት ላይ ሲደርስ የስልኬን ሰዓት አቆምኩ። አርባ ሁለት ሰከንድ። ቀና ስል ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ብርቱካኑ መንገዱን ቀጠለ፤ እኔን ወደ ሆሳዕና ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ።

ወንዙን የለካሁት የታችኛው መንደር ገበሬዎች ስለጠየቁኝ ነው። አንድ ባለሀብት ከላይ ውሃውን ጠልፎ ወደ እርሻው ከወሰደ ወዲህ ካሮታቸው እየደረቀ ነው። ለወረዳው ቢያመለክቱ «ማስረጃችሁ የታለ?» ተባሉ። እኔ የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው። መሣሪያ ስላልነበረኝ ከጠለፋው በላይና በታች ፍጥነቱን በብርቱካን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን በገመድ ለካሁ። ከታች የሚያልፈው ውሃ ከላይ ካለው ግማሽ አይሞላም።

የታሰርኩበት ክፍል በረኪናና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ገና ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ ለምርመራ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ፣ ገመዴና ከቦርሳዬ የወጡ ሦስት ብርቱካኖች ነበሩ። መርማሪው አንዱን አንስቶ መላጥ ጀመረ።

«ይሄ ዜሮ ነጥብ ስምንት አምስት ምንድነው?»

«ማስተካከያ ነው። የወንዝ ላዩ ከውስጡ ይፈጥናል። ብርቱካኑ የላዩን ብቻ ስለሚያሳይ ቀነስ አድርጌ...»

«ቀነስ!» ጥግ ወደተቀመጠው ጸሐፊ ዞረ። «ጻፍ፤ መቀነሷን አምናለች።»

«ከጠለፋው በላይም በታችም ያለውን እኮ ነው የቀነስኩት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም። እሱ ያኝክ ነበር።

ወረቀቱን ገፋልኝ። ሕዝብ ለማነሳሳት የውሃውን መጠን ሆን ብዬ አሳንሻለሁ ይላል። «ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ነሽ።» ከፈረምኩ የገበሬዎቹ አቤቱታ እዚያው ያበቃል። አልፈረምኩም። ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

እዚያ አንዲት እናት ነበሩ፤ ቲማቲማቸውን ከደንብ አስከባሪ ሲያስጥሉ የታሰሩ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ብርቱካን ስታባርሪ ተያዝሽ?»

ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «ይሄ ሰውዬ ወንዝ በእግሩ ተሻግሮ አያውቅም ማለት ነው። በክረምት ስሻገር እኮ ወገቤን ነው የሚገፋኝ። እግሬ ጋ ያለው ውሃ ድንጋይ ለድንጋይ ሲጓተት ነው የሚያልፈው» አሉ።

አምስት ዓመት የተማርኩት ይሄንኑ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ዋስ ሆኑኝ። ደብተሩ ለምርመራ ይቆያል ተባለ። መርማሪው የንብረት መረከቢያ ቅጽ ሰጠኝ፦ ስልክ አንድ፣ ገመድ አንድ፣ ብርቱካን ሦስት።

«ያሉት ሁለት ናቸው» አልኩ።

«ለአንድ ብርቱካን ነው የምትጨቃጨቂው?»

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ በጌታ፣ ፈርሚና እንሂድ።»

ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር አልችልበትም። «ሦስት» የሚለውን ሰርዤ «ሁለት» አደረግኩት። በጎኑም «አንዱን መርማሪው በልተውታል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መርማሪው አነበበው። አንገቱ ቀላ፤ ግን ሽማግሌዎቹም አንብበውት ነበር።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ወንዝ የጠለፈው ሰው እርሻው ላይ ነው፤ የታሰርኩት እኔ። ኤግዚቢት የበላው ሰው ወንበሩ ላይ ነው፤ ቀነሰች የተባልኩት እኔ።

በማግስቱ ጠዋት በሁለቱ ብርቱካኖችና በአዲስ ደብተር ወደ ወንዙ ተመለስኩ። ገበሬዎቹ ገመዱን ወዲያና ወዲህ ይዘውልኝ ቆሙ። አርባ ሦስት ሰከንድ። ፍጥነቱን አሰላሁና እንደ በፊቱ በዜሮ ነጥብ ስምንት አምስት አባዛሁት።