ደረቅ ተልባ

በደርግ ዘመን አስተማሪ ሆኜ ድሬዳዋ ስመደብ ሳቢያን ውስጥ አዴ ሀሊማ ከሚባሉ እናት ቤት ተከራየሁ። አንድ ቀን ሆዳቸው ደርቆባቸው ሲያማርሩ ሰማሁና ከቀፊራ ገበያ የተፈጨ ተልባ ገዝቼ ሰጠኋቸው።

«በየቀኑ ሁለት ሁለት ማንኪያ ይቃሙ፤ ሆድ ያለሰልሳል» አልኳቸው።

«አቦ ተባረክ፤ ልጄ ነህ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ተነፍቶ እያስመለሳቸው በጋሪ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ነርሷ ምን እንደበሉ ስትጠይቅ ስለ ተልባው ነገርኳት።

«ተልባማ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ደረቁን ሲቅሙት አብጦ አንጀት ይዘጋል። ውሃ አልጠጡም?» አለችን።

ልጃቸው ፈትያ መለሰችላት፤ «በረመዳን ታማ ያመለጣትን ጾም እየከፈለች ነው። ተልባውን ጎህ ሳይቀድ ቅማ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ አትቀምስም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት ደንግጬ።

«ሁለት ሳምንት ሆናት።»

አዴ ሀሊማ ከአራት ቀን በኋላ ድነው ወጡ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያንን ሁለት ሳምንት በየቀኑ ምሳ ሠርተው እያቀረቡልኝ፣ አጠገቤ ተቀምጠው «ብላ፣ ጨምር» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እርስዎስ?» አላልኳቸውም።