የባንቻየሁ አደራ

ያርጋል አደራ ሳይል ውሎ አያውቅም። የልጁን ስንቅ ከዳባት ወደ ጎንደር ለሚሄድ የሚኒባስ ሹፌር ሲሰጥ «አደራህን»፣ ሚስቱን ገዱን ምጥ ሲይዛት «አደራሽን ማርያም»፣ በሬውን ለጎረቤት ሲያውስ «አደራ፣ ውኃ እንዳይጠማው» ይላል። አፉ ስለለመዳት ነው መሰል፣ ቤተ እስራኤላዊት ጎረቤቱ ስንቄ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ወደ እስራኤል ስትሄድ «አያ ያርጋል፣ የእናቴን መቃብር የሰማይ የምድር አደራ» ብትለው፣ ያን ቀን ቃሉ አልከበደውም።

የእናቷ የባንቻየሁ መቃብር ያለው ከእርሻው ውስጥ ነበር። ሃያ ዓመት ዙሪያውን አረሰ እንጂ አልነካውም። ከዚያ የእርከን ሥራ መጣ፤ ድንጋይ አጠረ። ያርጋል «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ የመቃብሩን ካብ በገዛ እጁ አፈረሰው። ወይ ነገ! ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጎርፉ አፈር አልብሶት ቦታው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እርሻውን ሞፈር አላስነካውም። ገዱ «መሬቱ ጦም ይደር እንዴ?» ብላ ስትጮህ «ይረፍ» ይላታል። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። አደራ በላ ከመባል ሞትን ይመርጣል።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለ። የስንቄ ልጅ ታሊያ ደባርቅ ገብታለች፤ ማክሰኞ የአያቷን መቃብር ልታይ ትመጣለች። ያርጋል የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። ሰኞ ድንጋይ ለቃቅሞ ከእርሻው ዳር ከግራሩ ሥር አዲስ ካብ ካበ። «እዚህ ነው» ማለትን ለብቻው ሞከረ።

ታሊያ መጣች፤ አማርኛዋ ስብርብር ያለ፣ ግንባሯ ግን ቁርጥ ባንቻየሁን። ካቡ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ «አባባ፣ እናቴ ‹አደራዬን ጠብቆልኛል፣ እግሩን ሳሚልኝ› ብላኛለች» አለችና ጎንበስ አለች።

ያርጋል እግሩን አሸሸ።

«ተይ ልጄ፣ ተይ! እዚህ አይደለችም። ይህን የካብሁት ትናንት ነው። የሷን ድንጋይ ለእርከን ወሰድሁት፣ ቦታው ጠፋኝ። እዚህ እርሻ ውስጥ አለች፤ የቱ ላይ እንደሆነች ግን አላውቅም። በማረሻ እንዳልነካት ፈርቼ ይኸው ዐሥር ዓመት አላረስሁም።»

ገዱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ታሊያ ሣር የዋጠውን እርሻ ከዳር እስከ ዳር ስታየው ቆየች። ያርጋል እርግማኑን አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

ታሊያ ቁጭ ብላ ጫማዋን ፈታች። ከዚያ በባዶ እግሯ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ እርሻው ገባች።