ቀጭኑ ጓንትና የባለቤቴ እጅ

በዚያ የኮሮና ጊዜ እኔና ባለቤቴ ዐረብ አገር፣ አጅማን ውስጥ አንድ የመስታወት ፋብሪካ እንሠራ ነበር። እሱ ከባባዶቹን መስታወቶች ከጓደኛው ጋር ተሸክሞ ጠርዛቸውን ወደሚሞርደው ማሽን ያቀርባል፤ እኔ ቢሮውን አጸዳለሁ። የምንኖረው ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ ከሌሎች ጋር በተከራየነው ቤት ውስጥ በጣውላ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ነው። እሑድ እሑድ የምናመልክበት የኪራይ አዳራሽ ተዘግቶ ጸሎቱ በስልክ ሆኖ ነበር፤ ከጸሎቱ ይልቅ የሚበዛው ግን ማን ታመመ፣ ማን ተወሰደ የሚለው ወሬ ነው። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ባሰብኝ። የሊፍቱን ቁልፍ እንኳ የምጫነው በክርኔ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ለተሸካሚዎች የተዘጋጀ፣ ስለት የማይበሳው ወፍራም ጓንት አለ። ችግሩ የግል አለመሆኑ ነው። አንዱ ፈረቃ አውልቆ ሲወጣ ተረኛው በሌላው ላብ እንደረጠበ ያጠልቀዋል። ቀድሞ ማንም ግድ አልነበረውም፤ በሽታው ሲመጣ ግን የሰው ላብ ውስጥ እጅ መክተት ሞትን መጨበጥ መስሎ ታየን። ሠራተኛው አጉረመረመ። ፎርማኑም ከእኛ የባሰ ፈሪ ነበርና ወፍራሙን ሰብስቦ፣ ሐኪሞች የሚያጠልቁትን ቀጭን ሰማያዊ ጓንት በካርቶን አመጣ። የማይታየውን ፈርተን የሚታየውን ስለት ረሳነው። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ያኔ ግን ሁላችንም መረቅነው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኛ ላይ የደረሰው ባልጠበቅነው በኩል ነው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ወለል ስወለውል መስታወት ሲሰበር ሰማሁ። ድምፁን ለምደነዋል፤ ወዲያው ማሽኑ ሲጠፋ ግን መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ። ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀምጦ የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ጨብጧል። መስታወቱ ከእጁ ሲያመልጥ ጠርዙ ቀጭኑን ጓንት አልፎ መዳፉ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ፎርማኑ አምቡላንስ አልጠራም። በራሱ መኪና ጫነን። እኔን ያስከተለኝ አል ባርሻ በማዳም ቤት ዓመታት ስሠራ ዐረብኛ ስለለመድኩ ነው፤ ባለቤቴ ጥቂት ቃላት ብቻ ያውቃል። መንገድ ላይ በተሰባበረ ዐረብኛ እንዲህ አለኝ፦

«ሲስተር፣ ሹግል ላይ፣ ሥራ ላይ ነው እንዳትዪ። ሹግል ካልሽ ፖሊስ ይመጣል፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሁላችንም ኸላስ፣ አለቀልን።»

ቢሮ ሳጸዳ ከሰማሁት፣ የፋብሪካው ኢንሹራንስ የሚያሳክመው ሥራ ላይ የተጎዳን ሰው ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ነው ካልን እዳው የራሳችን ነው። ሥራ ላይ ነው ካልን ደግሞ ሥራው የለም፣ ቪዛው የለም፤ አውሮፕላን በቆመበት ወቅት ወዴት ይኬዳል?

ሆስፒታሉ በር ላይ ሙቀታችንን ለኩንና ከታማሚው ጋር አንድ ሰው ብቻ ይግባ አሉ። ፎርማኑ ውጭ ቀረ። ውስጥ ያየችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ከፊት መከለያዋ ጀርባ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ቁስሉ ጠባብ ነው፤ ደሙም ቆም ብሏል። ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ሽንኩርት ሲከትፍ እጁን እየቆረጠ ሲመጣባት ሰንብቶ ይሆናል፣ መስፊያውን እያዘጋጀች «ቤት ውስጥ ነው አይደል?» አለችኝ። ራሴን መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ለባለቤቴ ተረጎምኩለት።

«ቤት ነው በይ» አለኝ በቀስታ።

ይህ ሰው ስልክ ሲደወል «የለም በልልኝ» ቢሉት እንኳ የማይል ሰው ነው። እሱ ለመዋሸት እስኪደርስ ከፈራ፣ እኔ ማንን ተደግፌ ልቁም?

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት በዐረብኛ። «ከእኔ ቁመት የሚበልጥ መስታወት ነው የቆረጠው።»

ሹግል የሚለውን ቃል ባለቤቴ ያውቀዋል፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሟ መስፊያውን አስቀመጠችና ጣቶቹን እንዲያጥፍ አዘዘችው። ሦስቱ ታጠፉ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ግን ቀጥ ብለው ቀሩ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ላቡ በማስኩ ላይ ወረደ። ከባድ መስታወት በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ጅማት እንደሚበጥስ ነገረችኝ። ቤት ነው ብያት ቢሆን ቆዳውን ብቻ ሰፍታ ትሸኘው ነበር። ስልክ አንስታ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጠራች።

ፖሊስም መጣ፣ ተቆጣጣሪም መጣ። ፋብሪካው አልተዘጋም። ኢንሹራንሱ ኦፕሬሽኑን ከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ ወፍራም ጓንት ተሰጠው። ፎርማኑ ግን እስክንለቅ ድረስ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። እኔም ስልክ በጮኸ ቁጥር ውጡ ሊሉን ነው እያልኩ ለወራት ስደነግጥ ኖርኩ።

የቀለበት ጣቱ ከብዙ ልምምድ በኋላ ታጠፈ። ትንሿ እስካሁን አትታጠፍም። ያን ዕለት «ቤት ነው በይ» ያለኝን አንስቼበት አላውቅም፤ እሱም አያነሳውም። ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ምናልባትም ከእሱ የበለጠ። ልዩነታችን ሐኪሟ የጠየቀችው እኔን መሆኑ ብቻ ነው።