የእናቴን ክብደት የሚችል ቀዳዳ

ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛችው እናቴ በማግስቱ ልትወጣ ነበር። የቀጠርኩት ባለሙያ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምትደገፍበትን የብረት እጀታ ገጥሞ፣ መርቆኝ ሄደ። ሳብ ባደርገው እጀታው ከነብሎኑ እጄ ላይ ቀረ።

የግድግዳው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎን አይዝም፤ የሚይዘው ጥጉ ላይ ያለው የኮንክሪት ምሰሶ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ድሪል ባለገመድ ነው፤ ሰፈራችን ደግሞ መብራት ጠፍቷል። ሌላ ባለሙያ ጥራ ያላለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የተስማማበት ምክር ስለማይዋጥልኝ፣ በቻርጅ የሚሠራ ኃይለኛ ድሪል ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። አብነት አደባባይ ከታክሲ ወርጄ ወደ ሱቆቹ ስገባ የጨነቀው ገዢ እንዳልመስል ፊቴን አኮሳትሬ ነበር። አልጠቀመኝም።

"ኦርጅናል ነው?" አልኩት፣ ነጭ ቆብ ያደረገውን ባለሱቅ፣ የተደረደሩትን ድሪሎች እያሳየሁ።

"የትኛውን ኦርጅናል ነው የሚፈልጉት ጋሼ? አንደኛ ኦርጅናል አለ፣ ሁለተኛ ኦርጅናል አለ። ይሄኛው ደግሞ ራሱ ኦርጅናሉ ነው።"

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት የተጻፉ መጻሕፍት ሳነብ ኖሬአለሁ። አንዳቸውም እውነትን እንዲህ በደረጃ ከፋፍለው አላሳዩኝም።

የሚያብረቀርቅ ቀይ ድሪል አስያዘኝ። "ቮልቱን ይዩት! ተራራ ይበሳል!"

የተጻፈው ቁጥር በጣም ትልቅ ነበር፤ የፈራሁትም ለዚያ ነው። ራሱን እንዲህ የሚያሞግስ ነገር፣ ሰውም ቢሆን፣ አላምንም። ባትሪውን ነቅዬ በእጄ ብመዝነው እንደ ባዶ ክብሪት ቀለለኝ።

"ለመሆኑ ለምን ሥራ ነው?"

"ለእናቴ ነው።"

"እናትዎ ግንበኛ ናቸው?"

የጎረቤት ሱቅ ነጋዴ ሳይቀር ሳቀ። ስለ ዳሌዋ ስነግረው ባለሱቁ ሳቁን ዋጠ። ቀዩን ተቀብሎኝ ከጓዳ አንድ አስቀያሚና ከባድ ድሪል አወጣ። "አላህ ያሽርልዎት። ለእናት ይሄ ነው።"

ላምነው ፈለግሁ። ግን ፊቱን መለወጡም የሽያጭ ሙያ ቢሆንስ? ለእናት እየተባለ ስንት ነገር ይሸጣል!

"ሳልሞክረው አልገዛም።"

"ይብሱ!" ብሎ ፑንታ፣ ማለትም የመብሻውን ሹል ብረት፣ ገጠመልኝና የሱቁን የኮንክሪት ደፍ አሳየኝ። እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

"ኧረ ሕንፃው እንዳይወድቅብን!" ጎረቤቱ ጮኸ። "ደግሞ ሌላ ተጠራጣሪ አመጣህ?"

"አንተ ምን አገባህ? ያንተን ደፍ አልነካን!"

ፑንታው እያጓራ ገባ፤ ግራጫ አቧራ ጫማዬን አለበሰው። ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። ገዛሁት፤ ግን አልተረጋጋሁም፤ ደፍ እናት አይደግፍም።

ቤት ገብቼ ምሰሶውን በሳሁ። በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ የድሪሉ ድምፅ ሲወፍር፣ ባትሪው አለቀ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እየጎተተም ቢሆን ጨረሰው። እጀታውን አጥብቄ፣ እግሬን ከወለሉ አንስቼ ተንጠለጠልኩበት።

በማግስቱ እናቴ ክራንቿን ይዛ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"ማን ነው የገጠመው?"

"እኔ።"

"አንተ? ምስማር መምታት የማትችለው?"

"ትናንት ተንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ።"

"እኔ እያየሁህ ተንጠልጠል።"

በዚህ ዕድሜዬ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ ክራንቿን ለእኔ ሰጥታ እጀታውን ጨበጠችና ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። መጸዳጃው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ዓይኔን ከብሎኖቹ አልነቀልኩም።