አንድ ምልክት ብቻ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ስዊድን ለመራጩ አዲስ መብት ሰጠች። እስከዚያ ድረስ ፓርቲው የስም ዝርዝሩን ያዘጋጃል፣ እኛ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትተን እናስረክባለን፤ ማን ቀድሞ ምክር ቤት እንደሚገባ የሚያውቀው ፓርቲው ነበር። አሁን ግን ከወደድነው ሰው ስም አጠገብ «ክሪስ»፣ ማለትም የኤክስ ምልክት፣ ማድረግ ተፈቀደልን። በቂ ክሪስ ያገኘ ከታች ተነሥቶ ቀዳሚዎቹን ያልፋል።

እኔ ቴንስታ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ውስጥ ለልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ክፍለ ጊዜዎችን ሊቀንስ አስቦ ነበር። ደግነቱ ከማኅበራችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሆስፒታል ምግብ የሚያድሉት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ትምህርቱን አላስነካም ብለው ለምክር ቤቱ ተወዳደሩ። ፓርቲያቸውም አክብሮ የዝርዝሩ ግርጌ ላይ አስቀመጣቸው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበርተኛውን ሰብስቤ በሦስት ዓይነት ጠመኔ አስረዳሁ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ምልክት። ሁለት ከሆነ ድምፁ ለፓርቲው ይቆጠራል፣ ለሰውየው ግን አይቆጠርም። ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ጎበዝ አስተማሪ ብሆን ነው አልኩ።

ጋሼ እንዲናገሩ ሲጋበዙ ተነሥተው፣ «ለእኔ አድርጉ አልልም፤ ለሚገባው አድርጉ» ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበላቸው። የምርጫ ዘመቻው በዚሁ አለቀ።

ውጤቱ ሲወጣ ጋሼ ከግርጌው ፈቀቅ አላሉም። በሚቀጥለው እሑድ ፊት የተቀመጡትን እናት ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ለጋሼ ምልክት አላደረጉም እንዴ?»

«አድርጌአለሁ እንጂ። ለእሳቸውም፣ ይህን አዳራሽ ላስፈቀደችልን ሴትዮም፣ ከእሷ በላይ ላሉትም ሰውዬ።»

«አንድ ብቻ ብዬ አልነበር?»

«ብለሃል። ታዲያ የሰው ውለታ ዘልዬ ልለፍ? ልጅ ነህ፣ አይገባህም።»

ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ። አንዱማ ማንም እንዳይቀየም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደጨረሰው በኩራት ነገረኝ። የቀሩኝ ጋሼ ነበሩ።

«እርስዎስ?»

«አዳራሹን ላስፈቀደችልን ሴትዮ ነዋ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው በራሱ ስም ላይ ምልክት ያደርጋል? ነውር ነው።»

«ሕጉ ይፈቅዳል እኮ።»

«ሕጉማ ይፈቅዳል።»

ኮሙኑ ቃሉን አክባሪ ነው፤ ክፍለ ጊዜዎቹን ቀነሰ። ከሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ቀረልኝ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሆስፒታሉ ሰው ይፈልጋል። ላናግርልህ?»

«ያናግሩልኝ።»

«ለአንተማ አፌን ሞልቼ ነው የምናገር» አሉ።